የፎር ዊሉ ማብሪያ

ደውሎ የጠራኝ ራሱ ሾፌሩ ነበር። ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት የመስክ መኪና ይነዳል። መጀመሪያ ደንበኛዬ ነበር፣ ኋላ ጓደኛዬ ሆነ። «የዚች መኪና ፎር ዊል ጠባይ አምጥቷል። ማብሪያውን ስጫነው አንዳንድ ቀን የፊት ጎማው ይይዛል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል። ክረምቱ ሳያጠፋኝ ቶሎ ናልኝ» አለኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። እቃዬን በቦርሳ ይዤ በማግስቱ ሄድኩ።

ስደርስ ሆዱን ይዞ አልጋው ላይ ተጣጥፎ አገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነው ያደረው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሆዱን ዳብሳ «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል፣ ሳይፈነዳ ማርቆስ መድረስ አለበት» አለች። እኔን ደግሞ ወደ ጎን ጠርታ «ሕመሙ ድንገት ተወኝ ካለህ ደስ እንዳይልህ፣ ፈነዳ ማለት ነው» አለችኝ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል። የቀረችው ያቺው ጠባይ ያመጣችው መኪና ናት፤ መንዳት የሚችለውም እኔ ብቻ። ከኋላ አስተኛነው፣ እናቱ ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ተነሳን።

መንገዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ዝናብ ሲወርድበት የከረመ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። አንዲት ቁልቁለት ወርደን ሜዳው ላይ እንደደረስን የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን እየማሱ ተቀመጡ። የፎር ዊሉን ማብሪያ ተጫንኩት። ምንም! ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ትንሽ መብራት እንኳ ብልጭ አላለችም። የሚገፋ ሰው ፍለጋ ዙሪያዬን ባይ፣ በዚያ ዝናብ ማን ይወጣል? ስልኩም ኔትወርክ የለውም።

በክረምት እንዲህ ሲያጋጥም እኛ ሙያተኞች ሳንጠራጠር የምንሄደው ወደ ታች ነው። ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ የሚገባው ከታች ነው፣ ሽቦ የሚበላውም እዚያ ነው። ስለዚህ በጀርባዬ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። የፊት ጎማውን የሚያስይዝ ትንሽ ሞተር አለ፤ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ጠረግኩ፣ መለስኩ። ወጥቼ ማብሪያውን ተጫንኩ፣ የለም። እንደገና ገባሁ፤ ሽቦውን ስንዝር በስንዝር እየዳበስኩ ፈተሽኩ። ምንም አልሆነም። ጓደኛዬ በዚያ ሕመሙ ከላይ ሆኖ «አንተ ሰውዬ፣ ጉድጓድ ቆፍርልኝ ብዬ ነው እንዴ የጠራሁህ?» ይለኛል። እኔም ጭቃ እየተፋሁ ሰደብኩት። እንዲህ ስል ስል ብዙ ሰዓት ሄደ።

ኋላ ቀልዱን ተወ። ማቃሰቱንም ተወ። «እማዬ፣ ቀለለኝ። ሕመሙ ለቀቀኝ» አለ። እናቱ «ተመስገን! ተመስገን የኔ ጌታ!» አሉ። እኔ የነርሷ ቃል ትዝ ብሎኝ ከመኪናው ስር ተስፈንጥሬ ወጣሁ።

ወደ ዳሽቦርዱ የመጣሁት ያን ጊዜ ነው። ፊውዙ ደህና ነው። የመሞከሪያ መብራቴን ወደ ማብሪያው በሚገባው ሽቦ ላይ ሳሳርፋት ቦግ አለች። ከማብሪያው በሚወጣው ላይ አድርጌ ስጫን ጨለማ። ወይኔ ልጁ! ጥፋቱ አፍንጫዬ ስር ነው የተቀመጠው። ማብሪያውን በካቻቢቴ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ውስጡን አረንጓዴ ዝገት በልቶ ጨርሶታል። ዝናብ በማይደርስበት፣ ወንዝ በማይደርስበት ቦታ! ደሜ ፈላ።

«ማነው እዚህ ላይ ውሃ የሚደፋው? የትኛው ደንቆሮ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ እናቱ ከኋላ።

ለካ መኪናዋ አምና ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራታ ልጃቸው ለጥቂት ከተረፈ ወዲህ፣ ሰኞ ሰኞ ለመስክ ከመውጣቱ በፊት ጠበል እያመጡ ይረጩለታል። መሪውን፣ ማርሹን፣ እጁ የሚያርፍበትን ሁሉ። እሱ ደግሞ አይጠርገውም። ጠበል በመኪና ጨርቅ ይጠረጋል እንዴ? እስኪደርቅ ይተወዋል። ሳምንት እንደገና ይረጫሉ።

ሁለቱን ሽቦዎች ልጬ በቀጥታ አገናኘኋቸው። መብራቷ በራች፣ ከታች ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የፊት ጎማው ያዘ። ወጣን። እስከ ማርቆስ ድረስ እንደ እብድ ነዳሁ፤ ከኋላ ግን የእናቱ ጸሎት እንጂ የእሱ ድምፅ አልነበረም። ሆስፒታል እንደደረስን ወዲያው ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። ሐኪሙ ሲወጣ «ከፈነዳ ቆይቷል፣ መርዙ ተሰራጭቷል» አለን። ሳምንት እንኳ አልቆየም፣ አረፈ።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ እናቱ ከሴቶቹ መሀል አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከማልቀስ ብዛት ድምፃቸው ተዘግቷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ውሃው ነው?» አሉኝ።

ማብሪያው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ያን ሜዳ በአንድ ጊዜ እናልፈው ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው። ግን ለእናት ይህ ይነገራል?

«ኧረ በጭራሽ እናቴ! ምን ሆነዋል እርስዎ? እርጅና ነው። መኪናዋ አሮጌ ናት፣ ማብሪያውም አሮጌ ነው። ጥቂት ውሃ ምን ያደርገዋል?» አልኳቸው።

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን ጮህክብኝ?» አሉ።