ፍሬን እና የአሥራ አራት ሰዓቱ በረራ

ታላቅ ወንድሜን መናኸሪያ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ፍሬን» ነው የሚሉት። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ነው ፀጉሩ የሸበተው። እንቅልፍ ሽው ካለበት ተሳፋሪው ቢለምነውም፣ ቢሰድበውም፣ ዳር ይዞ ቀጥ ነው! ፊቱን ታጥቦ፣ ጥቂት አሸልቦ ካልሆነ ንቅንቅ አይልም።

ሴት ልጁ ነርስ ናት። ባሕር ማዶ ሥራ አግኝታ፣ በጉዞዋ ዋዜማ ከምሳ በኋላ ሻንጣዋን እያሰርን ነበር።

«ለመሆኑ ከዚህኛው አየር ማረፊያ እስከዚያኛው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አላት።

ስልኳን አየች። «አሥራ ሦስት ሺህ ገደማ።»

«አሥራ ሦስት ምን?! የት የት ያርፋል ታዲያ?»

«የትም አባዬ። አሥራ አራት ሰዓት ቀጥታ ነው።»

የያዘው ሻይ ጉልበቱ ላይ ተደፋ። እኔ ልሙት፣ መቃጠሉንም አላወቀው! ፊቱ አመድ መሰለ።

«አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ? ያውም ዳር ይዞ መቆሚያ በሌለበት? አትሄጂም! ነገርኩሽ፣ አትሄጂም!»

ልጅቷ አለቀሰች። ሰኞ ሥራ ካልገባች ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው። እኔ አላርፍም ብዬ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የገዛ ልጅህን መንገድ ላይ አቆምካት?» ብለው ገላመጠኝ።

እሷ እንባዋን እየጠረገች ስልኳን ስትነካካ ቆየችና «አባዬ፣ አብራሪዎቹ እኮ አራት ናቸው። እየተፈራረቁ ነው። እንዲያውም አልጋ አላቸው» አለችው።

እፎይ ይላል ስንል ብድግ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «አልጋ?! ሰው ጭነው ይተኛሉ?!»

ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነዳል ነው የምትልህ! ሁለተኛ ሹፌር ስጡኝ እያልክ አለቃህን ስትነዘንዝ የኖርከው ለምን ሆነና ነው?»

ፍሬንን አለቆቹ «ቅንጦት ነው» እያሉ ሲመልሱት ነው የኖሩት። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አራት!» አለ። «ለአንድ ጉዞ አራት ሹፌር!»

በማግስቱ ማለዳ ሻንጣዋን ለማንም አላስነካም፣ ራሱ ተሸከመላት።

ሸኝተን ስንመለስ ሳሎን ገብቶ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ቁጭ!

«ጋሼ፣ ትንሽ ጋደም በል እንጂ።»

«እነሱ ተለዋጭ አላቸው። እኔን ማን ይለውጠኛል?»

ቀኑን እንዲሁ ዋለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን በዝግታ ሲጫን አየሁና ደነገጥኩ።

«ምን ሆንክ?»

«አውሮፕላኗ እያረፈች ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። «አባዬ፣ ደረስኩ!»

«ሹፌሮቹስ?»

«እነሱም ወርደው ወደ ሆቴላቸው ሄዱ።»

«ተመስገን። ይተኙ» አለና ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ማንኮራፋት ጀመረ። ልጅቷም ከዚያ ማዶ ሆና እየሳቀች ትሰማዋለች።