ሸራ የለበሰው ኤሲ

እናቴ አዳማ እንደማትቀመጥ የገባኝ ገና ከመኪና ስትወርድ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን አትሁን ብለን ከአርሲ ደጋ፣ ከዚያ ከብርድ አገር አምጥተናት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች "እዚህ ሰው ይኖራል?" አለችኝ። ወሩ ግንቦት ነው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ይንጣጣል። አልጋው አልመቻት ብሎ ሲሚንቶው ላይ አንሶላ አንጥፋ ትጋደማለች። በማግስቱ ደግሞ ወደ ቤቷ ስለመመለስ ታነሳለች፤ እኔ ወሬ አስቀይራለሁ።

ወንድሜ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሙቀቱ እንዳስመረራት በስልክ ነገርኩት፤ ሲመለስ የመስኮት ኤሲ ጭኖ መጣ። ጅቡቲ ሲሠራበት የቆየ፣ ጎኑን የባህር ጨው የበላው ነው። በያጅ ጠርተን የመስኮቱን ብረት አስቆረጥንና ፊቱ ወደ ክፍሏ፣ ጀርባው ወደ ግቢ ሆኖ ተቀመጠ። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ ጠበቀችና ጋቢዋን ደረበች። አዳማ ከመጣች ወዲህ ጋቢ ስትደርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየኋት።

ከዚያ ወዲያ ስለመመለስ ማንሳቷን ተወች። የጎረቤት ሴቶች "ደጋ እንውጣ" እየተባባሉ ክፍሏ ይሰበሰቡ ጀመር። እሷም የቤቱ ባለቤት ሆና፣ በሩን ዝጉት፣ ብርዱ ይወጣል ትላቸዋለች።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ የኤሲውን ጀርባ ሲደበድበው እናቴ ደንግጣ ተነሳች። እሷ ያሳደገችን መብረቅ ብልጭ ሲል ቴሌቪዥን ከሶኬት በሚነቀልበት፣ አዲስ ፍራሽ ላስቲኩ ሳይወልቅ በሚያረጅበት ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ዝናብ ሲመታው እንዴት ዝም ብላ ታያለች? ባለቤቴ ከዓለም ጤና ከተማ በመኪና ሽንኩርት ያመላልሳል፤ ጭነት የሚያለብስበትን ሸራ አስመጣችና ከኋላው አስጠቅልላ በገመድ አሳሰረችው። አጥብቀው ልጄ፣ ጠብታ እንዳይገባበት እያለች አጠገቡ ቆማ ባለቤቴን ታሠራዋለች። እኛም መልካም አሰበች አልን።

ዝናቡ ሲያባራ ወበቁ ባሰ። ኤሲውን አበራችው። ደመናው አልሄደም፣ ሸራውን ማን ይፍታው? ጥቂት ቀን ለብ ያለ አየር ሲነፋ ቆየና አንድ ከሰዓት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ቆመ።

የጠራነው ጠጋኝ ሸራውን ፈትቶ ጀርባውን ዳሰሰ። ዝናቡ ምንም አያደርገውም ነበር አለን፤ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት ግን በጀርባው መውጫ ይፈልጋል። "አፍነውት ነው፣ እማማ" አላት፣ ክፉ ሳያስብ። ሞተሩ አይጠገንም።

ማምሻውን ወንድሜ ደወለ። "እማዬ፣ ብርድ እንዲሰጥሽ ባመጣው፣ እሱ ራሱ በርዶት አለበስሽው?" አላት። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበርና ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። ሌላ አመጣልሻለሁ ሲላት ግን አይሆንም አለች። ከዚያ ገብታ ጋቢዋን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

"የልጄን ድካም በገዛ እጄ አፍኜ ገደልኩት" አለችኝ። "ሌላም ቢያመጣ ያው ነኝ። ዝናብ ሲመታው ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።"

ለመንኳት፣ ጎረቤቶቹም ለመኗት። ክረምቱ ሳያልቅ ሄደች። ምነው ያን ማታ ሳቃችንን በዋጥነው እላለሁ።

ኤሲው ዛሬም መስኮቱ ላይ ነው፤ ቢነሳ ቀዳዳው ይቀራል ብለን ተውነው። እናቴ ጋ ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አዳማ ዘንቦ እንደሆነ ነው። ዘንቧል እላታለሁ። እሷም ብርድ ልብሷ ወፍራም እንደሆነ፣ ብቻዋንም ቢሆን ደህና እንደምትተኛ ትነግረኛለች።