እማማ ኦዚት የሚከተሉት ወንዝ

ባለቤቴ ኤልሬይ ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ ጭቃ የያዘ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገብቶ ቆመ።

“እናቴ አእምሮዋ እየሄደ ነው” አለኝ።

እኔ ለልጃችን ለቴሳ ሩዝ እያበረድኩ ነበር። “ደግሞ ምን አደረጉ?” አልኩት።

ኤልሬይ የሚሠራው ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ ጉድጓድ ነው፤ አሥራ አራት ቀን እዚያ፣ አሥራ አራት ቀን ቤት። የሠራተኞቹ ጀልባ ወደ ወደብ ሲመልሳቸው እናቱን ከሰፈራችን በታች “ትልቁ ውሃ” የምንለው ሰፊ ውሃ መሃል ብቻቸውን አያቸው። ትንሿን ጀልባቸውን ወደ ግራ አጥፈው ጥቂት ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ከዚያ ግማሽ ክብ ሠርተው ወደ መጡበት የሚመለሱ መስለው እንደገና ይታጠፋሉ። ፊታቸው ሣር የለ፣ ግንድ የለ፣ ሌላ ጀልባ የለ። ባዶ ውሃ ነው።

“የሰከረ ሰው የሚነዳት ነው የምትመስለው። ጓደኞቼ ሳቁ። አንዱ ‘ያቺ አሮጊት የማን ናት?’ ሲል ዝም አልኩ” አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሁሉም ያመመው ያ ዝም ማለቱ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁት።

አማቴ እማማ ኦዚት ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለልጆች ምሳ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በኛ በደቡብ ሉዊዚያና አሳ የማያጠምድ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ የእሳቸው ግን ይለያል። አንድም ቀን ሸጠው አያውቁም። “አሳውን ስሸጥ ደስታዬንም አብሬ መሸጤ ነው” ይላሉ። ለሁለት ቀን ምግብ የሚበቃ ከያዙ የማጥመጃ ዘንጋቸውን ሰብስበው ይመለሳሉ። ከያዙት ውስጥ አንዱ በሰፈር ለታመመ ሰው ነው። የታመመ ከሌለ ለሚያኮርፋቸው ሰው ይልካሉ፤ እሱ ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም።

የሚያጠምዱት በቡሽ ነው። ክራቸው ላይ ቡሽ ያስራሉ፤ ከሥሩ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የውሃ ፍጥረት። ቡሹን ነጠቅ ሲያደርጉት ውሃውን “ቿ” ያሰኘዋል። ጭራው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ቀዩ አሳ፣ ሌላ አሳ ቀድሞት እየበላ መስሎት በቅናት ይመጣል። “በሆዱ ሳይሆን በምቀኝነቱ ነው የሚያዘው፤ ልክ እንደኛ ሰፈር ሰው” ይላሉ። በጣም ትልቅ ከያዙ ግን ቀስ ብለው መንጠቆውን አውጥተው፣ “ሂጂ፣ አንቺም እንደኔ አያት ነሽ” ብለው ይለቋታል።

እውነቱን ልናገርና፣ በመጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር ነበርኩ። በክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በምሠራባቸው ቀናት ቴሳን የምተወው እሳቸው ዘንድ ነው። ከገና በፊት የጋዝ ምድጃውን ለኩሰው ረስተውት ደርሼበታለሁ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ከሞቱ ስድስት ዓመት ለሆናቸው ለባላቸው ሳህን አቅርበው አገኘኋቸው። ያዩኝ ጊዜ ሳህኑን አንስተው “ለድመቷ ነው” አሉ። ድመት የላቸውም። ይህን ለኤልሬይ አልነገርኩትም ነበር። ያን ቀን ነገርኩት።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድን። እንደ ሰፈራችን ቤት ሁሉ ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ክር ሲጠግኑ አገኘናቸው።

“እማዬ፣ ትናንት ውሃው መሃል ምን ፈልገሽ ነው ስትዞሪ የነበረው?” አለ ኤልሬይ።

“ወንዙ ስለሚዞር ነዋ።”

“የቱ ወንዝ?”

“የቱ ወንዝ ትለኛለህ? ሱሪህን ያራስክበት ወንዝ!”

ኤልሬይ ዞሮ አየኝ። ትልቁ ውሃ ውስጥ ወንዝ የለም። ከሰማይ ጥግ እስከ ሰማይ ጥግ አንድ ወጥ ውሃ ነው። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ኤልሬይ የጀልባቸውን ቁልፍ በሩ አጠገብ ከተንጠለጠለበት አነሳና “ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ” አላቸው። እሳቸው አልጮሁም። ክሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ “አባትህ አርባ አራት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ቁልፍ ወስዶብኝ አያውቅም” አሉ። ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር አልተነጋገሩም።

ሳምንቱን ሙሉ በረንዳቸው ላይ ሆነው ውሃውን ሲያዩ ዋሉ። እኔ ከሱቅ የቀዘቀዘ አሳ ገዝቼ፣ እሳቸው እንደሚወዱት ቲማቲም አብዝቼ በሩዝ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። አንዴ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡት።

“ልጄ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ግን ይሄ አሳ ባሕር አይቶ ያውቃል?”

ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሰውነታቸው በሰባት ቀን ውስጥ የቀለለ መሰለኝ። ትንሽ ልጅ ያላት ሴት ይህን ቶሎ ታያለች፤ ልጅ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠፋው ጨዋታው ነው። እሳቸውም ጨዋታቸው ጠፋ። በአንድ በኩል ከውሃው አደጋ አድነናቸው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ልንገድላቸው እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ።

ዓርብ ዕለት ብርዱ ከሰሜን መጣ። የሰሜን ነፋስ አንድ ቀን ሙሉ ከነፈሰ ውሃውን ከረግረጉ ጠርጎ ወደ ባሕር ይወስደዋል። ያኔ አሳው ሁሉ ጥልቅ ሆኖ በቀረው ቦታ ይታጨቃል፤ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው። ኤልሬይም ይህን ያውቃል፤ ሕሊናውም አላስቀመጠው።

“እማዬ፣ ነገ በኔ ጀልባ እወስድሻለሁ” አላቸው።

“ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርከው ቁም ነገር” አሉ። እርቅ አልነበረም፤ አሳ ግን አሳ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቴሳን እህቴ ዘንድ ትተን ሦስታችን ወጣን። ኤልሬይ ሞተሩን ያዘ፤ እማማ ኦዚት በሁለት ካፖርት ተጠቅልለው ፊት ተቀመጡ። በጀልባው ስክሪን ላይ ያለው ካርታ አሮጌ ስለሆነ በሣር ሜዳ ላይ እየሄድን ነው ይላል። እዚህ አገር ማንም አያምነውም፤ መሬቱ ከካርታው ቀድሞ ነው የሚጠፋው። ትልቁ ውሃ ስንደርስ ኤልሬይ ሞተሩን ለቀቀውና ቀጥ ብሎ ነዳ።

“ወደ ግራ” አሉ እማማ ኦዚት።

“እማዬ፣ ምንም የለም እኮ።”

“ወደ ግራ አልኩህ! የዩኒስን ቤት አለፍክ!”

የዩኒስ ቤት የለም። እኔ ወደዚህ ሰፈር በትዳር ከመጣሁ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ኤልሬይ ከንፈሩን ነክሶ ቀጥታ ሄደ። አንድ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ጀልባዋ እንደ ደከመ በሬ አቃሰተች፤ ሞተሩ ጥቁር ጭቃ ተፋና ቆመ። ጭቃ ላይ ወጥተናል። ነፋሱ ደግሞ ገና ውሃውን እየወሰደው ነው። እዚያ ከቀረን ውሃው እስኪመለስ ማደር ሊኖርብን ነው።

“ወርጄ እገፋለሁ” አለና ኤልሬይ ዘለለ። እስከ ጭኑ ሰመጠ።

“አይዞህ ልጄ፣ ምንም የለም እኮ” አሉ እናቱ።

ሳቄን ልይዝ ብል አልቻልኩም። እሱም ጭቃው ውስጥ ተተክሎ በንዴት ያየናል። እማማ ኦዚት ግን ረጅሙን የመግፊያ እንጨት አነሱና በቀኝ በኩል ወጉት፤ አንድ ክንድ ሳይገባ ቆመ። ከጀልባዋ ጀርባ ወጉት፤ እንደዚያው። ከዚያ በግራ በኩል ተንጠራርተው ሰደዱት። እንጨቱ ገባ፣ ገባ፣ ገባ፤ እጃቸው ውሃውን እስኪነካ ድረስ ገባ።

“ይኸውልህ ወንዝህ” አሉ።

ኤልሬይ እንጨቱን አየ፣ እናቱን አየ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። መሬቱ በሁለት ወገን ሰጠመ እንጂ ወንዙ አልሄደም። ዳርቻው፣ ቤቶቹ፣ የብርቱካን ዛፎቹ ሁሉ ውሃ ሥር ገቡ፤ የወንዙ ጉድጓድ ግን እንደ ድሮው እየተጠማዘዘ ከታች አለ። እማማ ኦዚት ሲታጠፉ የነበረው ዱሮ እንደሚታጠፉት ነው። አሳውም እንደሳቸው አድራሻ አልቀየረም።

ኤልሬይ እንጨቱን በጭቃማ እጁ ጨበጠ። በኋላ “ለምን አልነገርሽኝም?” አለ።

“ነገርኩህ። ወንዙ ስለሚዞር አልኩህ። አንተ የቱ ወንዝ አልከኝ።”

እኔም ጭቃው ውስጥ ወረድኩ፤ ሁለታችን እየጎተትን፣ እሳቸው በእንጨቱ እየገፉና እየተሳደቡ ጀልባዋን ወደ ግራ መለስናት። ከዚያ በኋላ የነዳው በእሳቸው ቃል ነው። “አሁን የክሌበር ብርቱካን ጋ ቀኝ። ቀስ! ቤተ ክርስቲያኑን ልታፈርስ ነው እንዴ! አሁን ያባትህ ወደብ ጋ ግራ።” እሱ በጭቃ ተለውሶ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ “እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ” እያለ ይታጠፋል። ሰፊው መታጠፊያ ላይ ቆምን። የመጀመሪያው ቡሽ ውሃውን እንደመታ ሰመጠ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንት ቀይ አሳ ያዝን፤ ሁለቱ ትልልቆች አያቶች ስለሆኑ ተለቀቁ።

ስንመለስ ኤልሬይ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እናቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ምድጃውን አልረሳሁም። ወንዙን ማወቃቸውም እውነት ነው፤ ሳህኑም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ይህን እንዴት ብዬ እንደምናገር ሳውጠነጥን እሳቸው ቀደሙኝ።

“ድመት እንደሌለኝ አውቃለሁ” አሉኝ፣ ኤልሬይ ጀልባዋን ሲያስር። “አንዳንድ ጠዋት ስነሳ ምን ቀን እንደሆነ አላውቅም። ውሃው ላይ ስሆን ግን አውቃለሁ።”

“ብቻዎን አይውጡ፣ እማማ። እኔ አብሬዎት ልሂድ።”

“ጠባቂ አልፈልግም።”

“ጠባቂ አይደለሁም።”

ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “ተማሪ ከሆንሽ ነይ። ተማሪ ግን ሞተሩን ይነዳል፤ ሽሪምፑን ይሰካል፤ አፉን ይይዛል።”

ከዚያ ወዲህ ሥራ በማልገባበት ረቡዕ ሁሉ እንወጣለን። ምድጃቸውን ኤልሬይ ራሱን በሚያጠፋ ቀየረው፤ ቴሳንም እሳቸው ዘንድ ብቻዋን አልተዋትም፤ እህቴ አብራ ትውላለች። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ አሁን እህቴን በካርታ ጨዋታ እያታለሉ ያሸንፏታል። እኔም ዩኒስን፣ ክሌበርን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ለየሁ። ያላየኋቸውን ቤቶች በር ቆጥሬ እታጠፋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያኑ አልፈን እሳቸው ዝም አሉ። ቀጣዩን መታጠፊያ እንዲነግሩኝ ጠበቅኩ። ሞተሩን ቀነስኩ።

“እማማ፣ አሁን ወዴት ነው?”

ውሃውን አዩት፤ ሰማዩን አዩት፤ እጃቸውን ወደ ቀኝ አነሱና መልሰው አወረዱት። “ጠፋኝ” አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ነበር። ሲፈሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሞተሩን አጠፋሁ። እንጨቱን አንስቼ በቀኝ ወጋሁት፤ ጭቃ። ፊት ለፊት፤ ጭቃ። በግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስሰደው ግን ውሃው ውስጥ ሊጥለኝ እስኪደርስ ድረስ ገባ።

“በግራ ነው” አልኳቸው።

“በግራ” አሉና ተነፈሱ። ከዚያ ካፖርታቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። “ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አሳው ሊቀዘቅዝ ነው።”