ጾም የመሰለን ሕመም

መጀመሪያ የተያዘባት ቂጣ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ታላቅ እህቴ ፋጡማ አንድ ጉርሻ ዋጠች፤ ደረቷ ላይ ቆመ። ውሃ ጠጣችበት። ውሃው ተመለሰ። «የአገራችን የሲናና ስንዴ እንዲህ ነው፣ እልኸኛ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ መጾም አበዛች። «ስወልድ ያመለጠኝን ረመዳን ልክፈል እንጂ» ትላለች። የሮቤ ጎረቤት «ማሻአላህ፣ በረታች» አለ። እኔም ኮራሁባት። ስታፈጥር ወተት ብቻ ትጠጣለች። አይቻለሁ። ጾመኛን ለምን አትበዪም ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ሲጀምር ጎባ ወሰድኳት፤ ከጎባ አዲስ አበባ ተላክን። በጉሮሮ ካሜራ በሚያስገባው ምርመራ፣ በኢንዶስኮፒ ታየች። ለምርመራ ቁራጭ ሥጋ፣ ባዮፕሲ ተወሰደ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ጉበቷ ድረስ ደርሷል። ቀዶ ጥገና አይሆንም።

በሠላሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ያልገባኝ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ሐኪሙን «ከምን መጣ?» አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መነሻውን በእርግጠኝነት አላውቅም። ሴሉ ውስጥ የሚሆነውን ግን ልንገርዎት። ሴል የሚሠራው ከጂን በተገለበጠ መልእክት ነው፤ አር ኤን ኤ ይባላል። መልእክቱን የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ። የቱ ይነበብ፣ የቱ ይጥፋ፣ በመወሰን ያግዛሉ። ካንሰር ውስጥ አንዳንዶቹ ከልክ ይበዛሉ። ያኔ ‹እደግ› የሚለው መልእክት መጥፋት ሲገባው ይቆያል።»

«እነሱን የሚያስቆም መድኃኒት አለ?»

«እየተጠና ነው። ለእሳቸው አይደርስም።»

ፋጡማ ከአልጋዋ «አንቺ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ? ልጁን ልቀቂው» አለች። ሐኪሙ ፈገግ አለ። እኔ አልቻልኩም።

ቧንቧውን የሚከፍት ስቴንት ገባላትና ወደ ሮቤ ተመለስን፤ ለጥቂት ሳምንታት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ በወተት የቀጠነ ገንፎ በማንኪያ ትውጥ ነበር፣ እኔም ወረደ ወይ ሳልል ጉሮሮዋን አያለሁ። አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀምጣ «እኔኮ አልጾምኩም» አለችኝ። «አልወርድ ሲለኝ ነው ጾም ነኝ ያልኩት። ስታመሰግኑኝ ደግሞ አፈርኩ።»

ከዚያ ስቴንቱም ተዘጋ። ረመዳን ሳይገባ ሞተች።

እውነቱን ያልደበቀንን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ እስከ መጨረሻው የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን ያላቋረጠችብንን የጎባዋን ነርስም። ምግብ የሚያዝበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሾርባ እያቀጠናችሁለት አትጠብቁ፤ በኢንዶስኮፒ ይታይ። ጾሙን አክብሩ፤ ሲያፈጥር ግን አብራችሁት ተቀመጡ፣ የሚውጠውን እዩ። በጊዜ የሄደ ሁሉ ይድናል ብዬ ቃል አልገባም። እኛ በጊዜ አልሄድንም።