ለገ ሃዳ፣ የእናት ወንዝ

ልጄ የገጠር ኮረብታና ወንዝ ስሙ ከምን እንደመጣ ሽማግሌ እየጠየቀች ትመዘግባለች። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን ጽሑፌ ስለሚነበብ ማስታወሻዋን በንጹህ ደብተር የምገለብጥላት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ክረምት ስገለብጥ የተወለድኩበት መንደር ወንዝ ላይ ደረስኩ። «ለገ ሃዳ፤ በኦሮምኛ የእናት ወንዝ ማለት ነው። እንደ እናት ስለሚያጠጣ ነው» ይላል።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እማ፣ ደግነታቸው! ነገም ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እዚያው ነን። ምሳችንን የወንዙ ደረቅ አሸዋ ላይ ጥላ ይዘን እንበላለን።»

ሽማግሌው እውነተኛውን ታሪክ በመደበቃቸው አልፈረድኩባቸውም። እኛ ዘንድ ክረምት ሳይወጣ ወንዝ የወሰደው ሰው ስሙ አይነሳም፤ ጎርፍ ይጠራል ይባላል። እኔም ስንት ክረምት ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስሻገር ዝም እንዳልኩ ነው።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነገርኳት። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ደረቁን አሸዋ ሞልቶ መጣ። አንዲት እናት ልጇን ልታወጣ ገባች፤ ሁለቱም አልወጡም። ወንዙ የተጠራው በእሷ ነው።

«የወንዝ ነገር በክረምት አይወራም ትዪ የለ?» ብላ መሳቅ ጀመረችና ተወችው።

«ምሳችሁን ከወንዙ ወጥታችሁ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብሉ።»

በማግስቱ ሄደች። እኔም የነገርኳትን ከሽማግሌው ቃል ሥር ጻፍኩት። ከዚያ አፌን በመክፈቴ እየፈራሁ በር ላይ ወጥቼ ወደ ተራራው አየሁ። ደመና አልነበረም። ቢሆንም፣ «በልተን ጨርሰናል፣ ዳገቱ ላይ ነን» ብላ እስክትደውል ድረስ አልተቀመጥኩም።