ሰው ሲወድቅ አትሩጡ

ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ ጌም ቤቱ የገቡት ሊያስወጡን ነበር። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር ያለው ግቢ የእሳቸው ነው፤ በአስፋልቱ በኩል ያለችውን ክፍል ለጌም ቤት አከራይተዋታል። የድሮ ወታደር ስለሆኑ ሰፈሩ በሙሉ በማዕረጋቸው ይጠራቸዋል። ቀኑን ሙሉ ከስፒከሩ የሚንጣጣው ተኩስ ሰላም ነሥቷቸው፣ እያነከሱ መጥተው በሩን በከዘራቸው ገፍተው ገቡና ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምን ዓይነት ጦር ነው? እንደ ሙሽራ አጃቢ ተጣብቆ የሚሄድ» አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አራት ነበርን። እኔ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የአባቱን ሱቅ የሚጠብቀው ሙስሊሙ ጎረቤቴና ከወላይታ መጥቶ ብሎኬት ማምረቻ የሚሠራው ጓደኛችን። ይሄኛው ጴንጤ ነው፤ ጨዋታ ከመጀመራችን በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፣ ከዚያ ሁልጊዜ ቀድሞ ተመቶ የሚወድቀው እሱ ነው። በዚህ ያልቀለድንበት ቀን የለም።

ጌሙ ቡድን ከቡድን የሚዋጋበት ነው። እሁድ እሁድ የሰበታና የሱሉልታ ልጆች በሚኒባስ እየመጡ ይገጥሙናል። ሱሉልታዎችን አንዳንዴ እናሸንፍ ነበር፤ ሰበታዎች ግን መጫወቻ አድርገውናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ ላይ የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም፤ ወድቆ ይጮኻል፣ ጓደኛው ከደረሰለት ይነሣል። እና ከእኛ አንዱ ሲወድቅ ሦስታችንም እንሮጣለን። ሰበታዎች ይሄን ስላወቁ አንዱን ይመቱና አፈሙዛቸውን እሱ ላይ ደግነው ይጠብቁናል። ተራ በተራ ያነጥፉናል።

ምን እናድርግ? በሰፈራችን ኡኡ ከተባለ ቤቱ የሚቀር የለም። እሳትም ይሁን ሌባ፣ ምጥም ይሁን ሞት፣ መጀመሪያ ይሮጣል፤ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ነው። እኛም ያደግንበትን ይዘን ነው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥነው።

ሃምሳ አለቃው ሦስታችንም አንድ ላይ ስናልቅ ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። «ለቅሶ ልትደርሱ ነው?» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪያችን ሆኑ። ጠረጴዛ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራሉ፤ ቆርኪው እኛ ነን፣ የሲጋራ ፓኮው ቤት ነው፣ ከዘራው መንገድ ነው። ሁለቱ ሲንቀሳቀሱ ሁለቱ በተኩስ እንደሚሸፍኑ፣ አንድ ጥይት ሁለት ሰው እንዳያገኝ ተራርቆ እንደሚሄድ፣ ቅጠል ሰውን ይሸሽጋል እንጂ ጥይት እንደማያቆም በዚያ ቆርኪ አሳዩን። ስንሳሳት «ማሎ፣ ማሎ፣ እባካችሁ» እያሉ ራሳቸውን ይይዛሉ። ስናገኘው ደግሞ «ጋሪዳ! ጥሩ ነው!» ይላሉ፣ ያኔ ፈተና ያለፍን ያህል ደስ ይለናል።

ከሁሉም የከበደን ግን አለመሮጥን መማር ነበር። «የወደቀው ማጥመጃ ነው» ይሉናል። «መጀመሪያ የሚተኩሰውን ዝም አሰኙ። ከዚያ ሰው አንሡ። እናቱ ብትጠራህ እንኳ አትሂድ።»

«ኦቦ፣ እየጮኸ ዝም ብለን ልናይ ነው?» አላቸው የብሎኬት ሠራተኛው። መቼም የሚወድቀው እሱ ስለሆነ ነገሩ አሳስቦታል።

«አዎ፣ ዝም ብለህ ታያለህ» አሉት። ቆርኪዎቹን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ያን ዕለት ተመልሰው አልመጡም።

ተማርነው ግን። ጓደኛችን ሲወድቅና ሲጮኽ ጥርሳችንን ነክሰን ቦታችንን መያዝ ቻልን። ሰበታዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፍን ቀን ሃምሳ አለቃው ለሁላችንም ለስላሳ ጋበዙ፤ ቆርኪዎቹን ግን ለራሳቸው ወሰዱ።

በዚያው ዓመት ነው በማስተር ፕላኑ ምክንያት አገሩ የተነሣው። ሰበታም ሱሉልታም እኛም ጋ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። የእሁድ ውድድር ቀረ። ማታ የሚወራው የማን መሬት እንደሚወሰድ፣ የማን ልጅ እንደታሰረ ሆነ። እኛ ጌም ቤቱን ዘግተን ግቢ ውስጥ መዋል ጀመርን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተማሪዎች ወጥተው ጎማ ሲቃጠል ነበር። ሦስታችን ከሃምሳ አለቃው ጋር ግቢው በር ላይ ከተከመረው ብሎኬት ኋላ ቆመን እናያለን። ተኩስ ተሰማ፤ መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ተበታተነ። ጭሱ ትንሽ ገለጥ ሲል አስፋልቱ መሐል አንድ ሰው ወድቋል። አጠገቡ የምሳ ዕቃው ተከፍቶ ሽሮው ፈስሷል። ብሎኬት ማምረቻው ስለተዘጋ ከሥራ የሚመለሰው ጓደኛችን ነበር።

«እግሬን! እግሬን!» ይላል።

ሰውነቴ ምን እንዳደረገ ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ብሎኬቱ ኋላ ተኛሁ። ጆሮዬ ተኩሱ መንገዱ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ እንደሚመጣ ለየ። «መጀመሪያ የሚተኩሰውን ዝም አሰኝ» አልኩ በልቤ። በምን? እጄ ላይ ያለው የጌም ቤቱ ቁልፍ ነው። ሁለቱን ጓደኞቼን ዞር ብዬ ሳይ እነሱም ተራርቀው ተኝተዋል፤ ልክ እንደተማርነው።

ትእዛዝ ፍለጋ ሃምሳ አለቃውን አየሁ።

«ማንም ንቅንቅ እንዳይል» አሉ። ረጋ ብለው ነው ያሉት፣ ቆርኪ ሲደረድሩ እንደሚናገሩት። ከዚያ ከዘራቸውን ጥለው እሳቸው ሮጡ።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጎንበስ እንኳ አላሉም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ስበው እያውለበለቡ፣ በዚያች በምታነክስ እግራቸው፣ «ኢልመ ኮ! ልጄ ነው!» እያሉ በአስፋልቱ መሐል ሮጡ። አንድ ዓመት ሙሉ አታድርጉ ያሉንን ሁሉ በአንዴ አደረጉት። ደረሱና ልጁ ላይ ተደፉበት። ተኩሱ አልቆመም።

ይሄኔ የሰፈሩ ኡኡታ ቀለጠ። እናቴ እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ እንዳለ ከግቢው ወጣች፤ ከኋላዋ ጎረቤቶቿ። እኔን አልፋ ሄደች፣ መኖሬን ያየች አልመሰለኝም። ሴቶቹ ተጠጋግተው፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ተጣብቀው፣ ወደ አስፋልቱ ገቡ። እኛም ተነሥተን ከኋላቸው ሮጥን። ተኩሱ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም፤ አሁንም አላውቅም።

ሃምሳ አለቃውን ገለበጥናቸው። ከሥር ጓደኛችን በሕይወት ነበር። እሳቸው አልነበሩም።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸው። ሊሮጡ ከሆነ ለምን አስተማሩን? እየጮኸ ዝም ብለህ ታያለህ ያለው ሰውዬ የት ሄደ? ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ ጥርሴን ነክሼ ንፍሮውን እያየሁ ነበር።

ጓደኛችን ከሆስፒታል በክራንች መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አስፋልቱ ላይ ተደፍተውበት ምን እንዳሉት ጠየቅኩት።

«ይቆጡኝ ነበር» አለ። «ጭንቅላትህን አታንሣ፣ እግርህን ሰብስብ፣ ሲሉኝ ነበር። ሌሎቹ እንዳይመጡ ነግሬያቸዋለሁ፣ አይመጡም፣ አሉኝ። ከዚያ ኡኡታውን ሰሙ። ቀና ብለው ሲያዩ እናቶቻችሁና እናንተ ተጣብቃችሁ ትመጣላችሁ።»

ፊቱ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልለይ አለኝ።

«ሃምሳ አለቃው ሳቁ» አለኝ። «ላዬ ላይ ሆነው ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ‹እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ነው?› አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።»