የሁለት ሳህን ምሳ

መርፌውን ከወጋሁ በኋላ መቀመጥ አልችልም። ሆዴን ቆንጠጥ አድርጌ እወጋለሁ፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ እመልሳለሁ፣ ከዚያ በቃ፣ መቁነጥነጥ ነው። በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ስልኬን አወጣለሁ፣ ምንም ሳላይበት መልሼ እከተዋለሁ። ኢንሱሊኑ ደሜ ውስጥ ገብቷል፣ ምግብ እንዲከተለው ይጠብቃል። እኔ ደግሞ እህል አልወርድ ካለኝ ሰንብቷል።

ሰመራ የሂሳብ መምህር ነኝ። ቤቴ አዋሽ ነው። ባለቤቴ እዚያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ልጆቻችን ለትምህርት ርቀው ከሄዱ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሰመራ ስሆን አዋሽ፣ አዋሽ ስሆን ሰመራ አንድ ነገር ረስቼ የመጣሁ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ሳልታመምም እንዲህ ነበርኩ።

ስኳር ከያዘኝ ዓመታት አልፈዋል። ጣፋጭ መተዉን ለመድኩት፣ መርፌውንም ለመድኩት። ይሄኛው ግን ዱብ ዕዳ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል ሲባል ነው የሰማሁት። እኔ ግን ሙቀቱ ሲበረታ አፌ መረረኝ፤ የሚንጫጫ ዘይት ሲሸተኝ ያጥወለውለኝ ጀመር፤ ጥቂት ከጎረስኩ ሆዴ በቃኝ ይላል። መርፌውን ብተወው ስኳሬ ይወጣል። ወግቼ ካልበላሁ ደግሞ ይወርድና ራሴን እስታለሁ፤ ሰው ካልደረሰልኝ አለመንቃትም አለ። ይህን እያወቅሁ ሽሮ ፊት ቁጭ ብዬ እጄ አልዘረጋ ሲለኝ በራሴ እናደዳለሁ። ትልቅ ሰው እንዴት ጉርሻ ያቅተዋል?

ምሳ የምንበላው አንዲት የወሎ ሴትዮ ቤት ነው። ኢንሱሊኔ የሚቀመጠው እሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳዎቹ ጎን ነው። መብራት ሲጠፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እንስራው ሥር ታኖርልኛለች። መብራት ደግሞ የሚጠፋው ሙቀቱ ሲብስ ነው፤ ያን ቀን ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ልቤ እንስራው ሥር ነው የሚውለው። ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ለአራት አንድ ትሪ እናዛለን። እሷ በአጠገባችን ባለፈች ቁጥር፣ «ጋሼ፣ በአላህ ይብሉ እንጂ! ምግቤን ጠሉት እንዴ?» ትለኛለች።

«እየበላሁ ነው» እላለሁ። እጄ ይንቀሳቀሳላ!

አንድ ትሪ ላይ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም። እንጀራውን እቆርሳለሁ፣ ወጡን ዞር ዞር አደርጋለሁ፣ ትንሽ ወሬ እጨምራለሁ፣ ከዚያ ጠቅልዬ አጠገቤ ያለውን ሰው አጎርሳለሁ። ጉርሻ እንቢ አይባልም። አንዱን አጉርሼ ሌላውን መዝለል ነውር ስለሆነ ሁሉንም አዳርሳለሁ። «እሱ እኮ እጁ ፍቅር ነው!» ይሉኛል። ደግ ተባልኩ! መልሰው ሲያጎርሱኝ አፌን በእጄ ሸፍኜ፣ «ኧረ በልቻለሁ፣ በሞቴ» እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ላብ ሲያጠምቀኝ ከረሜላ ከኪሴ አውጥቼ ወደ ሰሌዳው ዞሬ እመጥጣለሁ። የሰመራ ሙቀት ለላብ ምክንያት አያሳጣም።

አዋሽ ቤቴ ስሄድም ያው ነበር። ባለቤቴ ትሪውን ታቀርባለች፣ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፣ እኔ አጎርሳታለሁ። «ዛሬስ ፍቅርህ በዛ» እያለች ትቀበለኛለች። ከስታለች፤ አየሁ፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። እኔም ከስቻለሁ፤ እሷም ሙቀቱ ነው አለች።

አንድ ዓርብ ቀን ወደ አዋሽ ለመሄድ ከሰመራ አጠገብ ሎጊያ ላይ ሚኒባስ ያዝኩ። ከመነሳታችን በፊት መርፌዬን ወጋሁና ከተሳፋሪዎች ጋር ሩዝ በፍየል ሥጋ አዘዝን። የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ አጎረስኩ። መንገድ ላይ እበላለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ገዋኔ ሳንደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ከረሜላዬን ስፈልግ ኪሴ ባዶ ነው፤ ሌላኛው ሱሪዬ ውስጥ ትቼዋለሁ።

በዚህ ጊዜ ሰው እርዳታ ይጠይቃል። እኔ ግን ከሾፌሩ ጋር ጠብ ጀመርኩ! መስኮት ክፈት ብዬ ጮህኩ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የአፋር እናት ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝና፣ «ይሄ ሰው ተቆጥቶ አይደለም፣ ታሟል» አሉ። ከፌስታላቸው ቴምር አውጥተው ፍሬውን እየፈለቀቁ እጄ ላይ አደረጉልኝ። እንቢ ልል ስል፣ «ብላ ልጄ፣ ኋላ ትቆጣለህ» አሉኝ። አላመጥኩ፣ እንደ አሸዋ እየመሰለኝ ዋጥኩ። ገዋኔ ስንቆም ሾፌሩ ራሱ ለስላሳ ከፍቶ ሰጠኝ። አፍሬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ፈርቼም ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር አዋሽ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሐኪሙ የምግብ ፍላጎቴ የጠፋበትን ምክንያት እንዲመረምርና የመርፌውን መጠን እንዲያስተካክል ቀጠሮ ያዘችልኝ። «እስከዚያው» አለች፣ «ምግቡ ሳይቀርብ እንዳይወጉ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ደግሞ ለብቻዎ ሳህን ላይ ይሁን። የበሉትን በዓይንዎ ማየት አለብዎት።»

ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው የገነፈለችው። «ለብቻህ ሳህን? ባልና ሚስት ሆነን? ምን ክፉ ነገር አይተን ነው ማዕድ የምንለየው?»

«ነርሷ እኮ ናት ያለችው!»

«ነርሷማ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች!»

እቤት ስንደርስ ግን ሁለት ሳህን አወጣች። ክክ ወጥና እንጀራ እየቆራረሰች አደረገች፣ ድምፅ እያሰማች አስቀመጠች። መርፌዬን ወጋሁ። እኔ በሳህኔ፣ እሷ በሳህኗ ፊት ተቀመጥን። ሁለት እንግዳ መሰልን። የሳህኔ ነገር አስደነገጠኝ፤ ሳይጎድል ቁጭ ብሎ ያየኛል። የማጎርሰው ሰው የለም፣ ወደ ጥግ የምገፋበት ትሪ የለም። እየተናደድኩ ጎረስኩ። አላመጥኩ። ጎረስኩ። ምን ያህል እንደሚቀረኝ ላለማየት ዓይኔን ወደ እሷ ሳህን አሻገርኩ።

እንጀራዋን ትቆርሳለች። ወጡን ዞር ዞር ታደርጋለች። ትጠቀልላለች፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ታኖራለች፣ ስለ ጨርቅ ገበያ ታወራለች። ሌላ ትቆርሳለች። ይሄን ሥራ በደንብ አውቀዋለሁ! ከሳህኗ ላይ ምንም አልጎደለም።

«አንቺ አትበዪም እንዴ?»

«እየበላሁ ነው።»

«የታለ?»

እጇን ሰበሰበች። ከዚያ፣ «አልወርድ ይለኛል» አለች። «አንተ ሰመራ ሆነህ ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ወግቶ ይሆን፣ በልቶ ይሆን፣ ወድቆ ይሆን እያልኩ እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ወራት ሆነው።»

«እዚህ ስመጣ ግን ትበዪ ነበር።»

«አንተ ስታጎርሰኝ ነዋ! ጉርሻህን እንዴት እንቢ ልበልህ? ሌላውንማ መች ነካሁት።»

እኔ ምግቡን ለመሸሽ ነበር የማጎርሳት፤ እሷ በዚያ ጉርሻ ብቻ ትውል ነበር። ተነስቼ ላጎርሳት እጄን ወደ ሳህኔ ሰደድኩ፤ እጄን ያዘችው። «የሳህንህን አይደለም» አለች፤ «እሱ የአንተ ነው።» ከራሷ ሳህን ቆርሼ አጎረስኳት። ዋጠችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሐኪሙ በኋላ ጨጓራዬ ምግብ ቀስ ብሎ እንደሚያሳልፍ ነገረኝ፣ መድኃኒቴንም አስተካከለ። ትንሽ ተሻለኝ፤ ፍላጎቴ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። አሁንም ብዙ ቀን እያስገደድኩ ነው የምበላው። ሰመራ ያሉ ባልደረቦቼ የብቻ ሳህን ሳዝ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ነገሩን ስነግራቸው ለቁጣም ለሳቅም ተቸገሩ። ሴትዮዋ ግን ሳህኔን ራሷ ነው የምታመጣው፣ «አላህ ያሽርዎት» ብላ ባዶውን ልትወስድ ትመለሳለች።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሳህኑ ሲቀርብልኝ እወጋለሁ፣ ስልኬን የውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፌ እደውላለሁ። አዋሽ ላይ እሷም ሱቋ ውስጥ ሳህኗን ይዛ ትጠብቃለች። የመኪና ጩኸት አለ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔም እንደ ልማዴ እቁነጠነጣለሁ።

«አንተ ቅደም» ትለኛለች።

«አንቺ ቅደሚ።»

ካልጎረስኩ እንደማትጎርስ አውቃለሁ። ዛሬም ቆረስኩ፣ ጎረስኩ። አፌ ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፣ አልወርድ አለ። ውሃ ተጎነጨሁ።

«ዋጥክ?» አለች።

እስኪወርድ ጠበቅኩ።

«ዋጥኩ» አልኳት። ከዚያ እሷ ስታላምጥ ሰማሁ።